በር ላይ የቆመው ካልሲየም

ሰው በእኔ ዕድሜ ምን ይቆጥራል? እኩዮቼ ለጡረታ የቀራቸውን ጊዜ ይቆጥራሉ። አንዳንዱ የደም ግፊቱን ቁጥር፣ አንዳንዱ ዘንድሮ ስንቴ በረዶ እንደዛቀ ይቆጥራል። እኔ ባለፈው የብርድ ወራት አተም ስቆጥር ከረምኩ። አተም ማለት በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይጨበጥ፣ ቢጠፋ የማይፈለግ፣ ቢገኝ ደስ የማይል ነገር ነው። ይህንን ቁጠር ተባልኩ። «አልቆጥርም ማለት ትችል ነበር» የምትሉኝ ካላችሁ ወገቤን አታውቁትም ማለት ነው።

የጉዱ ሁሉ ጀማሪ ወገቤ ነው። ካልጋሪ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ከባቡሮቹ ግቢ ማዶ ባለ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሳጥን አነሣሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ሳጥኑ ተነሣ፣ እኔ ግን መነሣት አቃተኝ። ዶክተሩ የራጅ ፎቶውን ካየ በኋላ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሣ» አለኝ። እንዲህ ያለው ከባድ ነገር በማንሣት የሚተዳደር ሰውን ነው። ሱፐርቫይዘሬ አዝኖልኝ ለጊዜው ላይት ዱቲ የሚሉትን ቀላል ሥራ ሰጠኝ። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳጥን በፊቴ ባለፈ ቁጥር ስካነር ማስጮህ ነው። ሕፃን ልጅ ቢያደርገው ይሰለቸዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ሳስታውስ ብቻ ደስታዬ ይቀንሳል።

ባለቤቴ ትዕግስት ከኔ በፊት የምታስብ ሴት ናት። አንድ ኮሌጅ የውሃ ማጣሪያ ኦፕሬተር የሚያሠለጥንበት ኮርስ አገኘችልኝ። ሥራው የመለኪያ ጌጅ ማንበብ፣ ውሃ መቅዳት፣ መመርመርና ቁልፍ መጫን ነው፤ ማንሣት የሚባል ነገር የለበትም። ለመግባት ግን የጀማሪ ኬሚስትሪ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከፈተናው ትልቁ ክፍል ደግሞ ፎርሙላ እያዩ ውስጡ ስንት አተም እንዳለ መቁጠር ነው። ያለፈ በዚህ ዙር ይገባል፣ የወደቀ መስከረምን ይጠብቃል። ወገቤ መስከረምን የሚጠብቅ ዓይነት ወገብ አልነበረም።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። H₂O ላይ ከH እግር ሥር የተቀመጠችው ትንሽ ሁለት «ሃይድሮጅን ሁለት ነው» ትላለች። O ምንም ስላልተጻፈባት አንድ ናት። በድምሩ ሦስት። እስከዚህ ድረስ እኔም ሊቅ ነበርኩ። ቅንፍ ሲመጣ ነው ሊቅነቴ ያበቃው። Ca(OH)₂ ይልሃል። የኖራ ውሃ ነው። ትንሿ ሁለት ከቅንፉ ውጭ ቁጭ ብላለች። ማንን ነው የምታዘው? አጠገቧ ያለውን? ቤቱን ሙሉ? ወይስ መንደሩን ሁሉ?

«ስልክ የለህም ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለኝ። ከሥራ መጥቼ ወገቤ ሥር በረዶ ከትቼ፣ ጋደም ብዬ ቪዲዮ እከፍታለሁ። አስተማሪው ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ጥርሱም ያምራል። እሱ «ሂር ዊ ጎ» ሲል እኔ አንኮራፋለሁ። ኮሌጁ የላከልኝ መለማመጃ ጥያቄው አለ፣ መልሱ የለም። መልሱን ለማየት በኮሌጁ ዌብሳይት ሎግ ኢን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሎግ ኢን ለማድረግ ደግሞ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል። ተማሪ ብሆን ኖሮ መልሱ ምን ያደርግልኝ ነበር?

በዚህ መካከል ትዕግስት በቤት ኅብረታችን የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ እጇን አወጣች። «ባለቤቴን ቅንፍ አስቸግሮታል» አለች። ከንፈር ተመጠጠ። አንዲት እህት ቅንፍ የምግብ መፍጫ ችግር መስሏት እጇን ሆዴ ላይ ልትጭን ተነሣች። ያን ጊዜ ነው የኅብረታችን መሪ ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው «ለቅንፍማ እኔ አለሁ» ያሉት።

ጋሼ ወርቁን የማያውቅ አይኖርም። አዲስ አበባ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ካልጋሪ መጥተው ባቡር ግቢ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስተባበሩት ሠርግ በዚህ ከተማ የለም። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ችግሩ እሱ ነው። መጥፎ ሰው ቢሳሳት ትጣላዋለህ፤ ጥሩ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ ያውም የሠርግህ አስተባባሪ ሲሳሳት ምን ትለዋለህ?

ኤሪን ውድስ የሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ሄድኩ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ መለማመጃውን ዘረጋሁት። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱትና ፊታቸው በራ።

«ይሄማ የሠርግ ጥሪ ነው» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ካርድ ላይ ‹ከነቤተሰብዎ› ብለን እንጽፍ የለ? ቅንፉ ቤት ነው። ውስጥ ያሉት ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ባልና ሚስት ናቸው። ውጭ ያለችው ሁለት ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ነው የተጠራው ትልሃለች። ስንት ባል፣ ስንት ሚስት?»

«ሁለት ባል፣ ሁለት ሚስት።»

«በቃ! ኦክስጅን ሁለት፣ ሃይድሮጅን ሁለት።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልክ ነበሩ። ባለ ጥርሱ ወጣት በስንት ቪዲዮ ያላስገባልኝን እሳቸው በአንድ የሠርግ ካርድ አስገቡልኝ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ አመስግኜ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ግን ጠየቅኩ።

«ካልሲየሙስ ጋሼ?»

«ካልሲየም የቱ ነው?»

«ይሄ፣ ከቅንፉ ውጭ፣ በር ላይ ያለው።»

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«በር ላይ ቆሞ?» አሉ። «ውስጥ ያለው ሁሉ እጥፍ ሲስተናገድ እሱ አንድ ሆኖ በር ላይ ይቆማል? ስሙ እኮ መጀመሪያ ነው የተጻፈው። አባወራው እሱ መሆን አለበት።»

«መጽሐፉ ምን እንደሚል አላውቅም ጋሼ።»

«መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ነውር ነው። እሱንም ሁለት አድርገው።»

አደረግኩት። ሁለት ካልሲየም፣ ሁለት ኦክስጅን፣ ሁለት ሃይድሮጅን፤ ስድስት። ልክ አልመሰለኝም። ግን በሰው ቤት፣ በሰው ጠረጴዛ፣ ለኔ ሲሉ የከሰዓት ሸለብታቸውን ያቋረጡ ሽማግሌ ፊት «ተሳስተዋል» የሚል አፍ እናቴ አልሰጠችኝም። ከዚያ በኋላ በር ላይ የቆመውን ሁሉ እያስገባን ቀጠልን። ማግኒዥየም ገባ። አልሙኒየም ገባ። ጋሼ ወርቁ ውጭ የቀረ እንዳይኖር እየተጠነቀቁ፣ እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ መለማመጃውን ጨረስነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። የሚቀጥለው እሁድ የምስክርነት ሰዓት ላይ ጋሼ ወርቁ ተነሡ። ማይክ ያዙ። «ወንድማችን ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ፈተናውን በእምነት አልፏል» አሉ። በእምነት ማለት ገና አልተፈተነም ማለት ነው። ግን ጉባኤው ከ«አልፏል» በኋላ ያለውንም ከ«አልፏል» በፊት ያለውንም አልሰማም። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ወደ ቤት ስንመለስ የኅብረታችን እህቶች ኬክ ይዘው በር ላይ ጠበቁን። ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም የውሃ ጠብታ ተስሏል። ቆርሼ በላሁ፤ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ለካ ሕዝቤ የውሃ ባለሥልጣን ሲጠብቅ ኖሯል። የካልጋሪ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ አሁን ግን የሚከሰስ ሰው ተገኘ። አንዱ ጸጉሩ የሚረግፈው በውሃው መሆኑን እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ። ጸጉሩ አገር ቤት እያለም አልነበረም። እትዬ አልማዝ የሚባሉ እናት ከኮርነርስቶን፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የውሃ ማፍያቸውን በፌስታል ይዘው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከውስጥ ኖራ ለብሶ ነጭ ሆኗል።

«ቤቱ አዲስ፣ ማፍያው አዲስ» አሉኝ። «ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ካልሲየም ነው እትዬ።»

«ስንት ይሆናል?»

እኔ ምን አውቅልዎታለሁ አይባል ነገር። «ብዙ ነው» አልኳቸው። በጣም ረኩ። በሚቀጥለው እሁድ ጎረቤታቸውን ከነማፍያዋ ይዘዋት መጡ።

ይህ ሁሉ ይሳቅበታል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም። መስፍን የሚባል፣ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ፣ አብሮኝ የሚያመልክ ልጅ አለ። በዚያ እሁድ እንደ ጉባኤው ሁሉ እሱም አጨብጭቧል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሱፐርቫይዘራችን ሄዶ፣ ኮሌጅ ገብቼ ልለቅ መሆኔን በደስታ ነገረው። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ጨበጠኝ፣ «ኮንግራትስ» አለኝ፤ ከዚያ ወንበሬንና ስካነሬን ለመስፍን ሰጠው፤ ሰው ከመልቀቁ በፊት ተተኪውን ማለማመድ አለበት አለ። መስፍን በንጹህ ልቡ ነው ያደረገው። በክፉ ልብ የጎዳህን ትከሰዋለህ፤ በንጹህ ልብ የጎዳህን ግን አቅፈህ ታመሰግነዋለህ። አመሰገንኩት። ገና አለመፈተኔን ለሱፐርቫይዘሩ ሳስረዳው «የዶክተር ወረቀትህ ጊዜው አልፏል፤ አዲስ አምጣና እናያለን» አለኝ። የዶክተሩ ቀጠሮ ከፈተናው በኋላ ነበር። ወደ ጭነት መኪኖቹ፣ ወደ ሳጥን ማንሣት ተመለስኩ።

ስለዚህ ፈተና ክፍሉ ስገባ በእጄ የቀረኝ አተም ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። H₂O መጣ፤ ሦስት አልኩ። ጨው መጣ፤ ሁለት አልኩ። ከዚያ ቅንፎቹ እንደ ሠርገኛ ተከታትለው ይጎርፉ ጀመር። Ca(OH)₂ ካልሲየሙ ስንት ነው ይላል። ጣቴ አንድ ላይ ሄደች። ወዲያው የጋሼ ወርቁ ፊት ትዝ አለኝ፤ ሁለትን ተጫንኩ። ቀጥሎ Al₂(SO₄)₃ መጣ። ውሃ ለማጥራት የሚጨመረው ነው። ሰልፈር ሦስት፣ ኦክስጅን አሥራ ሁለት፤ ልክ ነኝ። አልሙኒየሙ ራሱ ሁለት ነው፤ በሦስት አባዝቼ ስድስት አደረግኩት። ማንንም ውጭ አላስቀረሁም። ከውስጥ ያለውን ሁሉ አገኘሁ፣ ከውጭ ያለውን ሁሉ ሳትኩ።

ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ በቀይ መጣ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴት በጣም ደግ ነበረች። ፈገግ ብላ «አንፎርቹኔትሊ» አለችኝ። ስሕተቴን አንድ በአንድ አሳየችኝ። «የውጭው ቁጥር ቅንፉ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው የሚያባዛው፤ ከፊት ያለውን አይነካውም። ማን ነው ይሄን ያስተማረህ?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እንግዳ ተቀባይነት ነው ልበላት? «ራሴ ነኝ» አልኳት።

መኪና ውስጥ ሆኜ ለትዕግስት ኮል አደረግኩላት። መውደቄን ነገርኳት። «ለማንም እንዳትናገር» አለች።

«እንዴት ዝም እላለሁ? ሰው ሁሉ ያለፍኩ መስሎታል።»

«ለዚያ ነው ዝም የምትለው። ጋሼ ወርቁ ጉባኤ ፊት ቆመው የተናገሩትን ልታፈርስባቸው ነው? ፊታቸውን የት ያደርጉታል? መስከረም ስትፈተን ታልፋለህ፤ ያኔ እውነት ይሆናል።»

ትዕግስት ክፉ ሴት አይደለችም። ለሽማግሌው አዘነች፣ ለኔም አፈረች፤ ሁለቱን ደምራ ዝምታ አገኘች። እኔም እሺ አልኩ። በሕይወቴ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት እሺ ማለት ነው፤ በሱ ወድቄ አላውቅም።

እንዲህ ሆኜ ሳጥን ሳነሣ ሰነበትኩ። አዲሱን ወረቀት አምጥቼ ሰጠሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ «ወንበሩ ተይዟል፣ ሲገኝ እናያለን» አለኝ። መስፍን ወንበሩ ላይ ሆኖ ባለፍኩ ቁጥር «ትምህርት መቼ ነው የሚጀምረው?» ይለኛል። «በቅርቡ» እለዋለሁ። ስካነሩ ይጮሃል፤ አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ወርቁ ደወሉልኝ። «ና እስቲ፣ ልምድህን አካፍል» አሉኝ። ሄድኩ። ያው ጠረጴዛ ላይ ሰላም የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ተቀምጣለች። አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። የፋርማሲ ረዳትነት ልትማር፣ እሷም የጀማሪ ኬሚስትሪ ፈተና አለባት። ጋሼ ወርቁ የኔን ማለፍ አይተው አስጠኚ ሆነዋል። ወረቀቷን አየሁት። Ca(OH)₂ ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ካልሲየም ሁለት ብላለች።

የኔ ወገብ ተሰብሯል፣ እሺ። የዚችስ ምን አደረገ? ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ጋሼ፣ ካልሲየሙ አንድ ነው።»

«ምን አልክ?»

«አንድ ነው። የውጭው ቁጥር ከፊት ያለውን አይነካውም። ተሳስተን ነው።»

ጋሼ ወርቁ አልተቆጡም። ግራ የተጋቡ መሰሉ። «አንተ በዚሁ አይደል እንዴ ያለፍከው?» አሉኝ።

ሰላም እስክሪብቶዋን አቁማ ታየኛለች። የትዕግስት ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አላለፍኩም ጋሼ። ወድቄያለሁ።»

ጋሼ ወርቁ እንባ አቀረሩ። ከዚያ ወደ ሰላም ዞረው ፈገግ አሉ።

«አየሽ?» አሏት። «ጌታ ሰውን ከፍ ሲያደርገው እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ትሕትና ማለት ይሄ ነው።»

«የምሬን ነው ጋሼ። ኮሌጅ አልገባሁም። አሁንም መጋዘን ሳጥን አነሣለሁ።»

«ትምህርቱ እስኪጀምር ሥራ አይንቅም ደግሞ» አሉና ራስ ራሴን ዳበሱኝ። «በይ ልጄ፣ ቀጥዪ። ማግኒዥየሙንም እንዳትረሺው።»

ሰላም አንገቷን ደፍታ ማግኒዥየሙን ሁለት አደረገችው። እኔ ከዚህ በላይ ምን ልበል? ውጤቴን አትሜ ብመጣ ኖሮ ፍሬም አድርገው በሰቀሉት።

ስንወጣ ሰላም የመኪናዋን መስታወት በረዶ ስትፍቅ ደረስኩባት። ልረዳት መፋቂያውን ስቀበላት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜ፣ እውነት ወድቀህ ነው?»

«እውነት።»

«በካልሲየሙ?»

«በካልሲየሙ፣ በአልሙኒየሙ፣ በር ላይ በቆመው ሁሉ። እባክሽ ስሚኝ፣ አንድ ነው።»

«አንድ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች። «ሥራ ቦታ፣ በዕረፍት ሰዓቴ ኦንላይን ፕራክቲስ አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ብለሽ ጻፍሽ?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። የምሬን መጠየቄን ስታይ አዘነችልኝ መሰለኝ።

«እሳቸው ፊት ነዋ» አለች። «ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተሳስተዋል ይባላል እንዴ? እዚህ ሁለት እላለሁ፣ ቴስቱ ላይ አንድ እላለሁ።»

መፋቂያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር፣ ሰው እሺ ብሎ ሲያበቃ እሺታውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት መውጣት እንደሚችል አላውቅም ነበር። እኔ እሺ ያልኩትን ሁሉ ይዤው ነው የምወጣው። ፈተና ክፍል ድረስ ይዤው እገባለሁ።

ሰላም አለፈች። እሁድ ጋሼ ወርቁ ማይክ ያዙ፤ ሁለት ተማሪ አስተምረው ሁለቱም ማለፋቸውን መሰከሩ። «ተነሡና ጉባኤው ይያችሁ» አሉን። ሰላም ተነሣች፣ መሬት መሬት ታያለች። እኔ የፊቴን ወንበር ይዤ፣ ወገቤን በእጄ ደግፌ፣ ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለሷ ስላለፈች፣ ለኔ ስለወደቅኩ አንድ ዓይነት ጭብጨባ ነበር። ከሁሉ አስበልጣ ያጨበጨበችው ባለቤቴ ናት። በማግስቱ ጠዋት ማጎንበስ አቅቶኝ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ የሥራ ጫማዬን ያሰረችልኝም እሷው ናት።